ገብስማዋ አልታመመችም፦ ዶሮ ላባዋን የምትቀይረው መቼና እንዴት ነው?

ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ከተማ ዳርቻ ባለው ግቢያችን እናቴ ሰባት ዶሮ ነበራት። ከሰባቱ አብልጣ የምትወዳት አንዲት ገብስማ ነበረች፤ እንቁላል መጣል የማይሰለቻት፣ ጫጩቶቿን ከጭልፊት አፍ የምታስጥል ጎበዝ። አንድ ዓመት፣ ጥቅምት ሊጋመስ ሲል፣ ገብስማዋ ጧት ከቆጥ ስትወርድ አንገቷ ተመልጧል። በሳምንቱ ደረቷ ላይ ቆዳው ይታይ ጀመር፤ ቀጥሎ ጭራዋ ረገፈ። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠውልጎ ገረጣ። እንቁላሉም ቆመ። እናቴ "ሳትሞትብኝ ልሸኛት" አለችና ለገበያ ቀን እግሯን አስራ ይዛት ወጣች። ነጋዴው ክንፏን ገለጥ አድርጎ ትክ ብሎ አየ፤ ከዚያ ምንም ሳይል የግማሽ ዋጋ ጠራ። እናቴም አልተከራከረችም። የታመመች ዶሮ ግማሽ ካወጣች ምን እፈልጋለሁ ብላ ተመለሰች። የካቲት ላይ ያው ነጋዴ ዶሮዋን "ከቤቴ አላወጣትም፣ ቀን አታሳልፍም" እያለ ሲያሞግሳት ሰማች።

ሰውየው ክንፏ ላይ ያየው ምን እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ላባው ለምን እንደሚረግፍ እንይ።

ዓመት የተለበሰ ጋቢ

ላባ አድጎ ከጨረሰ በኋላ ሕይወት የለውም። እንደ ጥፍራችን ጫፍ ነው፤ ደም አይዞርበትም፣ ቢሰበር አይጠገንም፣ ቢሳሳ መልሶ አይወፍርም። ዶሮ ደግሞ በዚያው ላባ ዓመት ሙሉ አፈር ትጭራለች፣ በቁልቋል አጥር ሥር ትሾልካለች፣ አውራው ይወጣባታል፣ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁባታል። ዓመት የተለበሰ ጋቢ እንደሚሳሳ ላባውም ይሳሳል፤ ሙቀት አይይዝም፣ ውኃ አያንሸራትትም። ስለዚህ ዶሮ በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ልብሷን በሙሉ ትቀይራለች።

አሮጌው ላባ ዝም ብሎ አይወድቅም። ከቆዳዋ ውስጥ፣ ላባው በተተከለበት ቀዳዳ ሥር፣ አዲስ ላባ ማደግ ይጀምርና አሮጌውን ገፍቶ ያወጣዋል። የልጅ ወተት ጥርስ የሚወልቀው እንዴት እንደሆነ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። አዲሱ ብቅ ሲል ላባ አይመስልም፤ እንደ ስፌት ወስፌ ሹል ሆኖ፣ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። በዚህ ጊዜ ውስጡ ደም አለ፤ ላባውን የሚያሳድገው እሱ ነው። እያደገ ሲሄድ ዶሮዋ ሽፋኑን በአፏ እየፈለፈለች ታራግፈዋለች፣ ላባው ይዘረጋል፣ ደሙም ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ ሸሽቶ ይደርቃል። በዚያ ሰሞን ቆጡ ሥር የምታዩት ፎረፎር የመሰለ ነጭ ብናኝ ያ ሽፋን ነው። በሽታ አይደለም።

እንቁላሉ የሚቆመውስ? ላባ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። እንቁላልም የሚሠራው ከዚያው ከፕሮቲን ነው። በአንድ ማጀት በአንድ ቀን ሁለት ሠርግ መደገስ እንደማይቻል ሁሉ የዶሮዋም አካል አንዱን ይመርጣል። ፍሬ የሚያፈራው የሆዷ ክፍልና እንቁላሉ የሚያልፍበት ቱቦ በእርግጥም ይኮማተራሉ። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ የሚገረጣውም ስለዚህ ነው፤ ያንን ድምቀት የሚሰጠው በእንቁላል ሰሞን የሚመነጨው ሆርሞን ነውና። እግራቸው ቢጫ በሆነ ዶሮዎች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይታያል፤ ሲጥሉ የከረሙበት እግርና አፍ ነጣ ብሎ ቆይቶ፣ እንቁላል ሲያቆሙ ቢጫው ይመለሳል። ቢጫው ቀለም ከመኖ የሚገኝ ነው፤ በእንቁላል ሰሞን ወደ አስኳሉ ይሄድ የነበረው አሁን ለራሷ ቀረ ማለት ነው።

ብዙዎች ይህን ጊዜ "የዶሮ ዕረፍት" ይሉታል። እኔ ዕረፍት አልለውም፤ ሥራ መቀየር ነው። እንደውም ከእንቁላል የከበደ ሥራ ይመስለኛል።

የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ለወሎ አይሆንም

ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ የእርባታ መመሪያዎች ጊዜውን በእርግጠኝነት ይናገራሉ፤ ክረምታቸው ሊገባ ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ኅዳር። አንድ ጊዜ ይህንን ወቅት "በልግ" ብሎ የተረጎመ ወረቀት አንብቤ ግራ ገብቶኝ ያውቃል። ለወሎ ሰው በልግ የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ ነው፣ ገብስ የሚዘራበት። ያንን ወረቀት አምኖ ዶሮውን በመጋቢት የጠበቀ ሰው ካለ አዝንለታለሁ።

እነሱ ጋ ጊዜውን የሚወስነው የቀን ብርሃን ነው። ለንደን ላይ በሰኔ አጋማሽ ቀኑ ከ16 ሰዓት ተኩል በላይ ይረዝማል፤ ታኅሣሥ ላይ ከ8 ሰዓት በታች ይወርዳል። የዶሮ አንጎል ብርሃን የሚለካው በዓይኗ በኩል ብቻ አይደለም፤ ስስ በሆነው የራስ ቅሏ አጥንት በኩልም ብርሃን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ቀኑ ሲያጥር አንጎሏ የእንቁላሉን ሆርሞን ይቀንሳል፣ የታይሮይድ ዕጢዋ ሥራውን ያጠነክራል፣ ላባው ይረግፋል። ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ ስለሆነ የአንድ መንደር ዶሮ ሁሉ አንድ ላይ ይላጣል።

ደሴ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። የዓመቱ ረጅም ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ። ምልክቱ የለም ማለት አይደለም፤ ድምፁ ግን ደካማ ነው። ከእሱ ይልቅ ጮክ ብለው የሚናገሩ ሌሎች ነገሮች አሉ።

ዋናው መታቀፍ ነው። የአበሻ ዶሮ 12 ወይም 15 እንቁላል ትጥልና ትታቀፋለች፤ 21 ቀን ትተኛለች፤ ከዚያ ጫጩቶቿን ይዛ ሳምንታት ትዞራለች። ይህን በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ትደግመዋለች። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ የምትጥለውም ስለዚህ ነው እንጂ ሰነፍ ሆና አይደለም። ታቅፋ ስትተኛ እምብዛም አትበላም፣ ትከሳለች፣ የእንቁላሏም ሆርሞን ይወርዳል። ለላባ ቅየራ ከዚህ የተሻለ ክፍተት የለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጫጩት አስከትላ የምትዞረው እናት ናት ተላልጣ የምትታየው። ሰው "ጫጩቶቹ ጨረሷት" ይላል። ግማሽ እውነት ነው።

ሁለተኛው ረሃብና ጥማት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎታው የሚራቆትበት፣ ለሰውም ለዶሮም ጥሬ የሚጠፋበት ወር ነው። መኖ በድንገት ሲቋረጥ እንቁላል ይቆማል፤ እንቁላል ሲቆም ላባ ሊከተል ይችላል። ውኃ ደግሞ ከመኖም ይብሳል፤ አንድ ሞቃት ቀን ሙሉ ውኃ ያጣች ጣይ ዶሮ ብትደነግጥ አይገርምም። ሦስተኛው ራሱ ድንጋጤ ነው፤ በጭነት መኪና ከሩቅ መምጣት፣ አዲስ ቤት መግባት፣ ውሻ ሌሊት ማባረሩ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በአምፖል ብርሃን የቀኑን ርዝመት ወደ 16 ሰዓት አስረዝመው የሚያረቡ ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው፤ መብራት ለቀናት ከጠፋ ለዶሮዎቹ በአንድ ሌሊት ከሰኔ ወደ ታኅሣሥ እንደመግባት ነው። አንገታቸው ላይ ላባ ሲረግፍ ያዩ ሰዎች በሽታ መጣ ብለው መድኃኒት ሲገዙ አይቻለሁ። የጎደለው ብርሃን ነበር።

ከዚህ የተነሳ በአንድ ወሎ ግቢ አንዷ በመስከረም፣ አንዷ በጥር፣ ሌላዋ በግንቦት ብትቀይር የሚያስደንግጥ ነገር የለም። በእኛ ግቢ ግን ከሁሉ የሚበዛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ነው። የክረምቱ ረሃብና እርጥበት፣ ከሰኔ ጀምሮ ማጠር የያዘው ቀን፣ የግንቦት ታቃፊዎች መገላገል ሁሉም እዚያ ላይ ይገናኛሉ።

የፈረንጅ ዶሮ ሌላ ነው። ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን የመሰሉት መታቀፍን ከደማቸው በምርጫ እንዲያወጡ ተደርገዋል። በደንብ ከተያዙ አንድ ዓመት ሙሉ ያለማቋረጥ ይጥሉና፣ ዕድሜያቸው ወደ ዓመት ተኩል ሲጠጋ ላባቸውን ይቀይራሉ፤ አብረው ስላደጉም ብዙ ጊዜ በተቀራራቢ ጊዜ። ቤቱን ላባ ሲሞላው ያላየ አርቢ ያን ቀን እንቅልፍ አይወስደውም።

ጫጩቶችም ይቀይራሉ፤ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሲፈለፈሉ የለበሱት ጥጥ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በላባ ይተካል፣ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ሰውነታቸውን ይሸፍናል። ዕድሜያቸው ሁለት ወር ገደማ ሲሆን እንደገና ይቀይራሉ፣ ቄብ ሆነው እንቁላል እስኪጀምሩም ሌላ ከፊል ቅየራ አለ። ሳሶ የተባለውን የፈረንጅ ዝርያ በ45 ቀኑ ገዝቶ በወሩ ላባ ሲረግፍ ያየ ሰው የሻጩን ስም አያጥፋ፤ ዕድሜያቸው ነው።

ነጋዴው ያየው

ላባ የሚረግፈው በተራ ነው። ከራስ ይጀምራል፣ ወደ አንገት፣ ወደ ደረትና ጀርባ ይወርዳል፣ ከዚያ ክንፍና ጭራ ይከተላሉ። ከዚህ ሁሉ ብዙ ምስጢር የያዘው ክንፉ ነው።

ዶሮዋን ማታ ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ ያዟት፤ ያኔ አትንፈራገጥም። አንድ ክንፏን እንደ ማራገቢያ ቀስ አድርጋችሁ ዘርጉት። ከክንፉ ጫፍ ጀምሮ አሥር ትልልቅ ጠንካራ ላባዎች ታገኛላችሁ። ቀጥሎ ከሁሉም የምታጥር አንዲት ላባ አለች። እሷን የወሰን ድንጋይ በሏት። ከእሷ ወደ ሰውነቷ ያለው ሌላ ረድፍ ነው፤ ለጊዜው ተዉት። የምንቆጥረው አሥሩን ነው።

ቅየራው የሚጀምረው ከወሰን ድንጋይዋ ጎን ካለው ላባ ነው፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ክንፉ ጫፍ ይሄዳል። አንድ አዲስ ላባ ሙሉ ቁመቱን ለመድረስ ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። የአንዷን ዶሮ ከሌላዋ የሚለየው ላባው የሚያድግበት ፍጥነት አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ስንት ላባ እንደምትጥል ነው።

ዝግተኛዋ ዶሮ አንዱን ትጥልና ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ ቀጣዩን ትጥላለች። ክንፏን ስትዘረጉ ደረጃ ይመስላል፤ ሙሉ፣ ትንሽ ያጠረ፣ የበለጠ ያጠረ፣ ወስፌ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ለመጀመሪያው ስድስት ሳምንት፣ ለቀሩት ዘጠኙ ሁለት ሁለት ሳምንት፣ በድምሩ 24 ሳምንት። ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ያን ሁሉ ጊዜ ከላይ ሲያዩዋት ደህና ናት፣ አታስጠላም፣ ግን እንቁላል የለም።

ፈጣኗ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት በአንድ ላይ ትጥላለች። ክንፏ ላይ እኩል ቁመት ያላቸው አዳዲስ ላባዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ታያላችሁ። ሰውነቷም እንደዚያው በአንድ ጊዜ ይራቆታል፤ ለዚህ ነው የምታስፈራው። ግን በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ጨርሳ ትመለሳለች። ጥሩ ጣይ ዶሮ ደግሞ የምትዘገየው በመጀመሩ እንጂ በመጨረሱ አይደለም፤ አካሏ እስኪያስገድዳት ድረስ እንቁላሏን አታቆምም፣ ሌሎቹ ቀይረው ሲያምሩ እሷ ገና ትጀምራለች። ሰነፏ ቀድማ ትጀምራለች፣ ዘግይታ ትጨርሳለች።

አሁን የእናቴን ገብስማ አስቡ። ነጋዴው ክንፏን ሲገልጥ እኩል የበቀሉ ሦስት ወይም አራት ወስፌዎች አየ። ጥቅምት ነው፤ ዘግይታ ጀምራለች፤ በአንድ ላይ ጥላለች። ለእሱ የመጣችለት በግማሽ ዋጋ የምትሸጥ የሰፈሩ ምርጥ ጣይ ነበረች። እናቴ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳልል፣ የጣለችው ራሱ የቆጡን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህ ቆጠራ በፈረንጅ ዶሮ ላይ ቀጥ ብሎ ይሠራል። የአበሻ ዶሮ ግን ቅየራውን መሃል ላይ አቁማ እንቁላል ልትጀምር፣ ከዚያ ልትታቀፍ፣ ከዚያ ካቆመችበት ልትቀጥል ትችላለች። ክንፏ ላይ ከወሰን ድንጋይዋ ጎን ያሉት አምስቱ የሚያብረቀርቁ አዲስ፣ የጫፎቹ አምስቱ የደበዘዙና የተበጣጠሱ አሮጌ ሆነው ብታገኙ፣ ወስፌም ከሌለ፣ ዶሮዋ በመንገድ ላይ ያቆመች ናት። ስለዚህ በአንድ ቀን አይታችሁ አትፍረዱ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙት።

ላባ የሚረግፍበት ሌላም ምክንያት አለ

ከሁሉ በፊት ፈንግልን እንለይ፤ ሰው ዶሮውን በግማሽ ዋጋ የሚያባርረው እሱን ፈርቶ ነውና። ፈንግል ላባ አያራግፍም። ፈንግል ሲገባ አረንጓዴ ተቅማጥ አለ፣ ማነቅና ማንኮራፋት አለ፣ አንገት ይጠመዘዛል፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በቀናት ውስጥ ይዛመታል፣ ግቢውን ሊያራቁት ይችላል። ላባ የምትቀይር ዶሮ ግን ዓይኗ ንቁ ነው፣ ትበላለች፣ ኩሷ እንደወትሮው ነው። ዝም ትላለች፣ ሰው ሲይዛት ትሸሻለች፣ ያ ብቻ። የተላጠችውም ያልተላጠችውም ቢሆን የፈንግል ክትባቷ ከክረምት በፊት እንዳያልፋት።

ተራውን ጠብቁ ያልኩት እዚህ ይጠቅማል። አንገቷ ሙሉ ሆኖ ጀርባዋ ብቻ ከተላጠ ጥፋተኛው አውራው ነው፤ ለጥቂት ዶሮ ሁለት አውራ ከያዛችሁ አንዱን ለበዓል ማሰብ ነው። ደረቷና ሆዷ ብቻ ከተላጠና ታቅፋ ከሆነ፣ እንቁላሉን በቆዳዋ ለማሞቅ ነው፤ ደህና ናት። ላባው ከሥሩ ሳይነቀል ከመሃል የተሰበረ ከሆነ እርስ በርስ እየተናከሱ ነው፤ ጥበት ወይም የመኖ ማነስ አለ። ከመቀመጫዋ አካባቢ ላባውን ገልጣችሁ ሥሩ ላይ ነጭ የተጣበቀ ክምችት ካያችሁ የቅማል እንቁላል ነው። ቀን ምንም ሳይታይ ሌሊት ቆጥ ላይ ዶሮዎቹ ከተቅበጠበጡ ደግሞ በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ የተደበቁ ደም መጣጭ ደቃቅ ተባዮችን ፈልጉ፤ ቀን እዚያ ተኝተው ሌሊት ይወጣሉ። ለሁሉም ግን ደረቅ አመድና አፈር የተቀላቀለበት፣ ዝናብ የማያገኘው ጥግ ይኑራቸው፤ እየተንከባለሉ ራሳቸውን ያጸዳሉ።

መላጣ የምንላትን፣ አንገቷ ከጫጩትነቷ ጀምሮ ላባ የሌላትን፣ ማንም በሽተኛ እንደማይላት አውቃለሁ። ግን ከከተማ የመጣ ዘመድ "ይቺስ መቼ ነው የሚበቅልላት?" ብሎ ጠይቆናል። አይበቅልላትም፤ ዘሯ ነው። ቆላ ላይ እንደውም ሙቀቱን ትቋቋምበታለች።

ምን ትብላ?

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው፤ በዚህ ሰሞን ግን ጥሬ ብቻ አይበቃትም። ማሽላ 10 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ቢኖረው ነው፣ በቆሎ ከዚያም ያንሳል። ለጣይ ዶሮ የሚዘጋጅ መኖ 16 በመቶ ገደማ አለው፤ ላባ ለምትሠራ ዶሮ ከ18 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ያንን ከቤት እንዴት እናገኛለን?

የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው፣ አንደኛ ነው፤ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። ለአንዲት ዶሮ በቀን አንድ ትንሽ ጭብጥ፣ በውኃ አርሶ ከጥሬው ጋር ቀላቅሎ። ሲገዙ ማሽተት ያስፈልጋል፤ የሻገተ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊይዝ ይችላል፣ ለዶሮም ለላምም አይሰጥም። ደጋ ላይ፣ ደላንታና ለጋምቦ፣ ባቄላና አተር አለ፤ ቆላ ላይ፣ ቃሉ አካባቢ፣ ማሾ አለ። ቆልቶ ወይም ቀቅሎ ከክቶ መስጠት ነው። ፋጉሎውንና ጥራጥሬውን መቀላቀሉ የተሻለ ነው፤ ላባ በተለይ የሚፈልጋቸው ድኝ ያለባቸው የፕሮቲን ክፍሎች በጥራጥሬ ውስጥ ጥቂት ናቸው፣ ፋጉሎው ደግሞ የሚጎድለውን ከጥራጥሬው ያገኛል።

የሐይቅ ሰው ከሌላው የተሻለ ዕድል አለው። ዓሣ አስጋሪዎች የሚጥሉት የቆሮሶ ራስና ሆድቃ ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ተወቅጦ ሲሰጥ ለላባ ከፋጉሎም ይበልጣል። ብዙ ዓሣ የበላች ዶሮ እንቁላሏ ዓሣ ዓሣ ይላል ብለው የሚሸሹ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ግን አሁን መቼ እንቁላል ትጥላለች? የዓሣው ጊዜ ይህ ነው። ዓሣ በሌለበት እበት ክምሩን አንድ ጊዜ ገልብጦ ትሉን ለዶሮዎቹ መተው ዋጋ የማይጠየቅበት ፕሮቲን ነው።

የጣይ መኖ ከሱቅ የምትገዙ ካላችሁ፣ ካልሲየሙ ለእንቁላል ቅርፊት ታስቦ የበዛ ስለሆነ ለዚህ ሰሞን የቄብ መኖ ይሻላል። ቅርፊት የምትፈልግ ካለች በጎን የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት አኑሩላት፤ የሚያስፈልጋትን ራሷ ትወስዳለች።

አያያዙ ደግሞ አለመያዝ ነው። ወስፌዎቹ ደም ያለባቸው ስለሆኑ ሲነኩ ያሟታል። አንዱ ቢሰበርና ቢደማ ንጹሕ ጨርቅ ይዞ እስኪቆም መጫን፣ ከዚያም ደሙ እስኪደርቅ ከሌሎቹ መለየት ያስፈልጋል፤ ዶሮ ቀይ ነገር ካየች መንቆር አይሰለቻትም። ደጋ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ነው፤ ቆጡን ከነፋስ መከለል፣ ከሥሩ ጭድ መጎዝጎዝ። ባቲና ቆቦ በኩል ያሉት ደግሞ ጥላና ብዙ ውኃ።

ትሸጥ ወይስ ትቆይ?

መልሱ ለአበሻዋና ለፈረንጇ አንድ አይደለም። የታጠረች ቦቫንስ በቀን 120 ግራም ገደማ ትበላለች። ሦስት ወር ያለ እንቁላል ብትቆይ ወደ 11 ኪሎ መኖ ነው፤ በዛሬ የመኖ ዋጋ እያንዳንዱ ያስላው። ከቅየራ በኋላ እንቁላሏ ይተልቃል፣ ቅርፊቱ ይጠነክራል፣ ቁጥሩ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ያንሳል። መቶ ዶሮ የያዘ ሰው በዚህ ጊዜ ሸጦ በቄብ ቢተካ አልፈርድበትም። አምስት ስድስት ያለው ግን ክንፍ እያየ ዝግተኞቹን ሸጦ ፈጣኖቹን ቢያስቀር ያተርፋል። የአበሻ ዶሮ ራሷ ጭራ የምትበላ ስለሆነች መጠበቋ የሚያስወጣው ፋጉሎውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ የምትታቀፍ እናት በገንዘብ አትለካም።

ልትሸጡ ከወሰናችሁም ለዓመት በዓል ወጥ የሚገዛ ሰው የተላጠች ዶሮ የማይወደው ስስት ሆኖበት አይደለም። ያልጨረሱ ወስፌዎች በፈላ ውኃም አይወጡም፤ በጥፍር ተይዘው አንድ በአንድ ነው የሚነቀሉት፣ ሲጨመቁም ጥቁር ነገር ቆዳው ላይ ይተዋሉ። 12 ብልት ከማውጣት በፊት ግማሽ ቀን ወስፌ ስትነቅል የዋለች ሴት ምን እንደምትል እዚህ አልጽፈውም።

እናቴ አሁንም ዶሮ አላት፤ ዘንድሮ አምስት ናቸው። ባለፈው ኅዳር ጎረቤቷ ቀይ ዶሮዋን በዘንቢል ይዛ ልትሸጥ ስትወጣ አግኝታት "አብሽሪ እህቴ፣ እስቲ ክንፏን ልየው" ብላ በመንገድ ላይ አስቆመቻት። ማታ ስልክ ደወለችልኝ።

"አራት ወስፌ፣ እኩል!" አለችኝ።

"እንዳትሸጣት ንገሪያታ።"

"እኔ ገዛኋት" አለች። "በሙሉ ዋጋ።"